ውሻ ለሌለው ቤት ሱባሩ

በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ «ለልጄ ያገለገለ መኪና እየፈለግሁ ነው» ብሎ ጮክ ብሎ መናገር ለቅሶ እንደ ማስነገር ነው፤ ሰው ይመጣል። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ይገባል፣ ሶፋው ላይ ይደላደላል፣ ቡና ይፈላለታል፣ ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው መናገር ይጀምራል። ልዩነቱ ለቅሶ ቤት በሦስተኛው ቀን መበተኑ ነው። የመኪና ምክር ግን መኪናው ተገዝቶም አይበተንም።

ወዳጄ ነገሩ ከአፉ ያመለጠው ትልቋ ልጁ መንጃ ፈቃድ ልታወጣ ጥቂት ሲቀራት ነው። በሜሪላንድ ሕግ ልጅ በ15 ዓመት ከ9 ወሩ የለማጅ ፈቃድ ይሰጠዋል። 9 ወር ለምዶ፣ 16 ዓመት ከ6 ወር ሲሞላው ደግሞ ብቻውን የሚነዳበት ጊዜያዊ መንጃ ፈቃድ ይቀበላል። እኔ በዚያ ዕድሜዬ አባቴ የሬዲዮኑን ባትሪ እንድቀይር እንኳ አያምነኝም ነበር።

እስከዚያ ድረስ ልጅቷ ከትልቅ ሰው ጋር 60 ሰዓት መንዳት አለባት፤ ከዚህ ውስጥ 10ሩ በጨለማ። መዝገቡን ሞልቶ የሚፈርመው ወላጅ ነው። ወዳጄ የጨለማውን ሰዓት የሞላው በብዛት ከሠርግ ሲመለስ ነው፤ ልጅቷ ትነዳለች፣ እሱ ከጎኗ ቀበቶውን አስሮ እያንኮራፋ ይቆጣጠራል። አልፎ አልፎ ነቅቶ «ቀስ!» ይላል። መኪናው ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ሳለም ብሎ ያውቃል።

ጉባኤው ቅዳሜ ከሰዓት ተሟላ። አንደኛው መካሪ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ የኖረ፣ አሁን ኡበር የሚሠራ ሰው ነው፤ የማያውቀው መንገድ የለም፤ መኪናን የሚመዝነው ግን በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስንት ማይል ትችላለች? ሁለተኛው መሀል ከተማ ፓርኪንግ ይሠራል። ከቤንትሌ እስከ ሆንዳ ያልጨበጠው መሪ የለም፤ ዕውቀቱ በሙሉ ግን ከምድር በታች ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ በሰዓት አምስት ማይል እየነዳ የተገኘ ነው። ሦስተኛው ከዚህ መኪና እየገዛ አዲስ አበባ ያስገባ ነበር። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ንግዱ ቆሟል፤ ምክሩ አልቆመም። አራተኛው እኔ ነኝ። ስለ መኪና የማውቀው በጋዜጣ ያነበብኩትን ያህል ነው፤ የመጣሁትም ዶሮ ወጥ እንዳለ ሰምቼ ነው።

ክርክር አልነበረም። መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ ተወስኗል፤ ቶዮታ። ሐበሻ በሃይማኖት ይለያያል፣ በፖለቲካ ይደባደባል፣ ክትፎው ይለብለብ አይለብለብ ብሎ ይኳረፋል፤ ኮሮላ ላይ ሲደርስ ግን አንድ ሕዝብ ነው።

«ኮሮላ አይሞትም» አለ ባለ ኡበሩ። «የኔዋ ሦስት መቶ ሺህ ማይል ገብታ ዛሬም ቁልፍ ሲነካት ትነሳለች።»

ልብ በሉ፤ የተጠየቀው ስለ ልጅቷ ነው፣ የተመለሰው ስለ ሞተሩ። በዚያ ሳሎን ውስጥ ከአደጋ እንዲተርፍ ሁሉም የተጨነቀለት መኪናው ነበር።

በእርግጥ አይፈረድብንም። ከመጣንበት አገር መኪና ከተገዛበት ዋጋ በላይ የሚሸጥ ንብረት ነው። መለዋወጫዋ ሶማሌ ተራ የማይገኝ መኪና የገዛ ሰው ልጅ እንደሌለው ይታዘንለታል። አያት የሆነች ኮሮላ ዲኤክስ ዛሬም ጎማዋን ታጥባ ሠርግ ታጅባለች። እንዲህ ካለ አገር የመጣ ሰው መኪና ሲገዛ ገና ቁልፉን ሳይረከብ ስለ መሸጫው ቢያስብ ምን ይገርማል? ያ አስመጪም ከመጣ ጀምሮ ደጋግሞ የተናገረው «ነጭ ይሁን፤ ስትሸጡት አያስቸግርም» የሚለውን ነው።

እኔም ዝም ማለት አልቻልኩም። ከእኛ ብዙም በማይርቀው አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ፣ በመኪና ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ገንዘብ የሚተዳደር የአውራ ጎዳና ደህንነት ተቋም አለ፤ ሥራው አዳዲስ መኪኖችን ሆን ብሎ እያጋጨ ነጥብ መስጠት ነው። በፈረንጆች 2012 የመኪናውን የፊት ጥግ ብቻ የሚያላትም ፈተና ጀምረው የዚያኑ ዓመት ካምሪን ሲፈትኗት የመጨረሻውን ዝቅተኛ ነጥብ አገኘች። ቶዮታ በኋላ አስተካክሎታል። ይህን ለጉባኤው ባቀርብ፣ ባለ ፓርኪንጉ ራሱን ነቀነቀ።

«ያ እኮ የሾፌሩ ጥፋት ነው» አለ። «ካምሪ ምን ታድርግ?»

ወደ ዋናው ነገር የመጣነው ወዳጄ ሐሳቡን ሲገልጥ ነው። የወንድሙ ልጅ የሚሸጣት የ2005 ኮሮላ አለች። «አሮጌ ትሁን» አለ፤ «ትማርባት፣ ትጋጭባት። አዲስ ምን ያደርግላታል?» ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ይህ ምክር በየቤቱ አለ፤ ማንም ቆም ብሎ አይሰማውም እንጂ ሲሰሙት ያስደነግጣል። ልጅቷ መጋጨቷ አይቀርም ብለን እናምናለን፤ ስለዚህ ለግጭት እጅግ ያልተዘጋጀውን መኪና እንሰጣታለን። በዚህ አገር ከ16 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆች ለሞት የሚያበቃ አደጋ የሚደርስባቸው በነዱት ማይል ልክ ሲሰላ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ሰው ሦስት እጥፍ ሊደርስ ጥቂት በሚቀረው መጠን ነው። መኪና ዝናብ ላይ መንሸራተት ሲጀምር እያንዳንዱን ጎማ ለየብቻ ፍሬን እየያዘ ወደ መስመሩ የሚመልስ መሣሪያ አለ፤ በአሜሪካ በሕግ ግዴታ የሆነው ከ2012 ሞዴል ጀምሮ ነው። የወንድሙ ልጅ ኮሮላ ይህ የላትም። በረንዳው ፊት የቆመችው የወዳጄ ራቭ4 ግን አላት፤ እሱ ቢዘናጋ እንኳ ከፊቱ ያለውን አይታ ራሷ ፍሬን ትይዛለች። እሱ ደግሞ ወደ ሃያ ዓመት ገደማ አጥር እንኳ ሳይነካ የነዳ ሰው ነው።

«ታዲያ» አልኩት፣ «ራቭ4ዋን ለልጅቷ ሰጥተህ ኮሮላዋን አንተ ብትይዛትስ?»

ሳሎኑ ጸጥ አለ። ባለ ኡበሩ ፈንዲሻ ወደ አፉ ሊወስድ ያነሳው እጅ እዚያው ቀረ። ወዳጄ ያየኝ ትርፍ ቤቱን ሊወርስ የመጣ የቀበሌ ሊቀ መንበር በሚታይበት ዓይን ነው።

«ራቭ4ዋ እኮ የቤተ ክርስቲያን መኪና ናት» አለ በመጨረሻ። እሑድ እሑድ ሰው ያያታል ማለቱ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ልጅቷን የጠየቃት አልነበረም። እንደ ምንም ዕድል ስታገኝ ስልኳን አዞረችልን፤ ነጭ ጂፕ ራንግለር፣ ጣሪያው የሚነቀል፣ መስተዋቱ ሥር የፕላስቲክ ዳክዬዎች የተደረደሩበት። ባለ ጂፖች እርስ በርስ ዳክዬ የሚሰጣጡበት ልማድ አለ አለችን። ራንግለር በፈረንጆች 2020 ያው የአርሊንግተኑ ተቋም ሲያጋጨው በጎኑ እንደ ተኛ፣ ሲደግሙትም እንደገና እንደ ተኛ ነገርኳት።

«ደክሞት ነው» አለ ባለ ፓርኪንጉ።

ተቋሙና ዕቃ እየፈተነ ለገዢ የሚመክረው ኮንስዩመር ሪፖርትስ ለወጣት አሽከርካሪ የሚሆኑ ያገለገሉ መኪኖችን ዝርዝር በጋራ ያወጣሉ። ዝርዝሩ ውስጥ የስፖርት መኪና የለም፤ ጉልበት ያለው ሞተር ልጁን ይፈታተነዋል። ከ2,750 ፓውንድ በታች የሚመዝን ትንሽ መኪናም የለም፤ ከከባድ መኪና ጋር ሲጋጭ የሚጎዳው ቀላሉ ነውና። ትልልቆቹ ፒክአፖችም የሉም፤ እነሱ ደግሞ ሌላውን ይጎዳሉ። የቀረው መካከለኛ፣ ልከኛ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው መኪና ነው። ልጃችሁ ጓደኞቿ ፊት ልትወርድበት ካፈረች ትክክለኛውን አግኝታችኋል።

በሳምንቱ አስመጪው የሚያውቀው የአገር ልጅ መኪና መሸጫ ጋ ወሰደን፤ እናትየዋም አብራን መጣች። ሻጩ ወዳጄን ሦስት ጊዜ ስሞ «ለወንድሜ ነው የምሸጠው» አለ፤ እኔ እዚያ ላይ ቦርሳዬን ጨበጥኩ። አንዲት ብርማ ሆንዳ አሳየን። «ትንሽ ተነክታ ነው» አለ። ትንሽ መነካት ማለት ፓርኪንግ ውስጥ ከተጫረ ፓራውልት ጀምሮ ኢንሹራንሱ «አትጠገንም» ብሎ ጥሏት በጨረታ ተገዝታ ቆርቆሮዋ እስከ ተቃናላት ድረስ ሊሆን ይችላል። ምርመራው ተጀመረ። ባለ ኡበሩ ጎማውን በእግሩ መታ። ባለ ፓርኪንጉ በሩን ከፍቶ ዘጋ፤ ድምፁን ወደደው። ወዳጄ ኮፈኑን አስከፍቶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሞተሩን ለረጅም ጊዜ አየው። ሞተሩም አየው።

እናትየዋ ብቻ ጎንበስ ብላ ከመስተዋቱ ሥር ያለውን 17 ፊደልና ቁጥር ስልኳ ላይ ጻፈች። የፌዴራሉ የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ይህን ቁጥር ያስገባ ሰው መኪናው ለጥገና ተጠርቶ ሳይጠገን ቀርቶ እንደሆነ ያለ ክፍያ ያያል። ያቺ ሆንዳ የታካታ ኤርባግ ካለባቸውና ካልተቀየረላቸው አንዷ ሆና ተገኘች። ታካታ ማለት በሙቀትና በርጥበት ብዛት ፈንጂው ተበላሽቶ፣ ኤርባጉ ሲነፋ የብረት ስብርባሪ እየረጨ ሰው የገደለው ነው፤ በአሜሪካ ብቻ 67 ሚሊዮን ገደማ ተጠርቷል። መቀየሩ በነጻ ነው፤ ቀጠሮ መያዝ ብቻ ነው የሚፈልገው።

«እስካሁን ፈንድቶ አያውቅም እኮ!» አለ ሻጩ። የምስክር ወረቀት መስጠቱ ነበር።

እናትየዋ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ነርስ ናት። ጉባኤው ሲንጫጫ እሷ አቦሉን ቀድታ፣ ቶናውን ቀድታ፣ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ በረካው ላይ ከረከቦቱ ሥር ወረቀት አወጣች። ዝርዝሩን አትማ አስምራበታለች። «ሱባሩ አውትባክ፣ የ2016። ራሷ ፍሬን የምትይዘዋን አግኝቻለሁ። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። የእቁቤ ዕጣ ወጥቶልኛል።»

ጉባኤው ደነገጠ።

«ሱባሩ?» አለ ባለ ኡበሩ። «ሱባሩ እኮ የፈረንጅ ውሻ መኪና ነው። እናንተ ውሻ የላችሁም!»

«ማን ይገዛችኋል?» አለ አስመጪው።

«ማታ ማታ ድንገተኛ ክፍል የሚመጡትን ልጆች የማየው እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ ሲኒዎቹን ሰበሰበች።

ሱባሩዋ መጣች። ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታያት ፊቷን በሹራቧ ሸፈነች፤ ይህንን እንደ ጥሩ ምልክት ወሰድነው። የንስሐ አባታቸው መጥተው ከፖርታባጋሊው እስከ ኮፈኑ ጠበል ረጩ፤ ወዳጄ ኤርባጉ ያለበትን ቦታ በጥንቃቄ ደጋግሞ እንዲረጩለት ለመናቸው። የሚካኤል ሥዕልም ተለጠፈ። መስቀሉን ከመስተዋቱ ላይ ያወረደችው እናትየዋ ናት፤ ቅዱስነቱን ሳትነካ፣ መንገድ ይጋርዳል ብላ።

ቀሪው ጣጣ የሕጉ ነበር። በሜሪላንድ አዲስ ጊዜያዊ ፈቃድ ያወጣ ልጅ ለመጀመሪያዎቹ 5 ወራት ገደማ አጠገቡ ትልቅ ሰው ከሌለ በቀር ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው መጫን አይችልም፤ ወንድምና እህት፣ ወይም እዚያው ቤት የሚኖር ዘመድ ካልሆነ። ምክንያቱ ጓደኛ በተጨመረ ቁጥር አደጋው ስለሚጨምር ነው። ሕጉን ያረቀቀው ሰው ሐበሻ ጎረቤት እንዳልነበረው ያስታውቃል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሱባሩዋ ጋ ስንደርስ ነጠላ የለበሱ ሦስት ልጃገረዶች በሮቹን ከብበው ቆመዋል።

«እነዚህ እነማን ናቸው?» አለች እናት።

«እህቶቼ ናቸው።»

«መቼ ነው የወለድኳቸው?»

«እማዬ፣ ራስሽ አይደለሽ ‹እዚህ አገር ያለነው ሁላችን የአንድ እናት ልጆች ነን› የምትይው?»

«ፖሊስ ቢያስቆምሽስ? ሦስቱም የአባታቸው ስም የተለያየ ነው።»

«የኔና ያንቺም እኮ የተለያየ ነው» አለች ልጅቷ፣ ቁልፉን እያሽከረከረች። «አንቺንስ በምን አስረዳለሁ?»