ለሊጥ የታገሠ ለትል አይታገሥም?

ባለፈው ሳምንት በአትክልት ተባዮች ጉዳይ በተጠራ ስብሰባ ላይ አንድ ባለሙያ ተነሥተው ተባይን በፈንገስ መቆጣጠር ለእኛ አገር «የቅንጦት ወሬ» ነው አሉ። ፈንገሱ ትሉን እስኪገድል ከአምስት እስከ አሥር ቀን ይፈጃል፤ ገበሬያችን ደግሞ ትሉ ዓይኑ እያየ ካልረገፈ አያምንም አሉን። አዳራሹ ሳቀ። ያጨበጨበም ነበር።

ይህ ትዕግሥት የለሽ ገበሬ ማን ይሆን? ቲማቲሙን በመደብ አፍልቶ፣ አዛውሮ ተክሎ፣ የመስኖ ተራ ጠብቆ እስኪለቅም ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የሚጠብቀው የመቂው ሰው ነው? ቤቱ ሊጥ ተቦክቶ ሦስት ቀን ይቀመጣል፣ ጠላ ተጠንስሶ ቀኑን ይቆጥራል። እርሾው ውስጥ ከሚሠሩት ረቂቃን ፍጥረታት አንዳንዶቹ እኮ የፈንገስ ወገን ናቸው! ዓይን የማያየው ነገር በራሱ ጊዜ ሥራውን እንደሚሠራ ለዚህ ሕዝብ በስላይድ ማስረዳት አያስፈልግም። ችኩሉ ገበሬው አይደለም፤ መድኃኒት ሻጩ ነው።

ደግሞስ ምኑ ነው የዘገየው? ቦቬሪያም ሆነ ሜታራይዚየም የተባለው ተባይ ገዳይ ፈንገስ ዘሩ በነፍሳቱ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ይበቅላል፤ ቆዳውን በስቶ ይገባና ደሙ ውስጥ ይራባል። የታመመው ትል ሳይሞት ገና መብላት ይቀንሳል፤ ጾም ይገባል ማለት ነው። ከዚያ እርጥበት ካገኘ ሬሳው ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፤ በቦቬሪያ የሞተው ነጭ፣ በሜታራይዚየም የሞተው አረንጓዴ። ገበሬው ማየት ከፈለገ ቅጠሉን ገልብጦ ይየው። «ፈጣን» የተባለው መርዝ በአንጻሩ ዛሬ ተረጭቶ በሳምንቱ ይደገማል፣ በሌላው ሳምንት ይሠለሳል። ቱታ አብሶሉታ የተባለው የቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪ ትል እ.ኤ.አ. በ2012 አካባቢ አገራችን ከገባ ወዲህ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያልተረጨ የመርዝ ዓይነት ያለ አይመስለኝም። ትሉ ግን አሁንም ቅጠሉ ውስጥ ተሸሽጎ ይበላል።

ባቱ አጠገብ ያየሁት አንድ ወጣት መርዙን በበርሜል በጥብጦ በእንጨት ያማስላል፤ እንጨቱ ሲያጥርበት እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ከተተ። አፉ ላይ ጨርቅ እንኳን የለም። የዚያው ማሳ ቲማቲም በሦስተኛው ቀን በሳጥን ሆኖ መኪና ላይ ሲጫን ነበር። ፈጣን ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ፈንገስ ፀሐይ እንደሚጎዳው፣ እርጥበት እንደሚፈልግ፣ ሙቅ መጋዘን ውስጥ እንደማይቆይ አውቃለሁ። ታዲያ አመሻሽ ላይ ይረጭ፣ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ፣ ፈንገስ ገዳይ መድኃኒት ከሆነው ከማንኮዜብ ጋር በአንድ መርጫ አይቀላቀል። ይህን ማስተማር የማን ሥራ ነበር? የባለሙያው አይደለምን?

አዲስ ሙከራ ነው የሚለውም አያስኬድም። ጣሊያናዊው አጎስቲኖ ባሲ የሐር ትልን የሚፈጀው በሽታ ከፈንገስ እንደሚመጣ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1835 ነው፤ የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ሜችኒኮፍ የስንዴ ጢንዚዛን በሜታራይዚየም ለመግደል የሞከረው እ.ኤ.አ. በ1879። አምቦ የሚገኘው የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል እነዚህን ፈንገሶች ሲመረምር ዓመታት አልፈዋል። ኬንያ አምርታ ትሸጣለች፤ ሶማሊያ እ.ኤ.አ. በ2020 የበረሃ አንበጣን በዚሁ ወገን ፈንገስ ተዋግታለች። ቅንጦት የሆነው ለእኛ ብቻ ነው? ለነገሩ እዚሁ አገራችን ያሉ የአበባ እርሻዎች ቀይ ሸረሪት የሚባለውን ጥቃቅን የቅጠል ተባይ ማይት በተባለ ሌላ ጥቃቅን አዳኝ ያስበላሉ፤ የአውሮፓ ገዢ ስለ መርዝ ቅሪት ይጠይቃቸዋላ። ለጽጌረዳ የተገኘው ጥንቃቄ ለሕዝብ ወጥ ሲሆን ቅንጦት ይባላል።

ስብሰባው ለምሳ ሲበተን ባለሙያው ከፊቴ ተሰልፈው ነበር። ሰላጣውን አብዝተው አነሡ፤ ቲማቲሙ መቼ እንደተረጨ ግን አልጠየቁም።