ማን ማንን ቀለበ?

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ነበርን። ወሬው አሜሪካ ውስጥ ስላለችው ስለ ባልቲሞር ከተማ ነው። የባልቲሞር ካቶሊክ ሀገረ ስብከት በከተማዋና በአካባቢዋ የነበሩትን 61 ቁምስናዎች፣ በእኛ አነጋገር አጥቢያዎች፣ ወደ 23 አውርዷቸዋል። ውሳኔው የወጣው በሜይ 2024 ነው። አሁን የሰው ጨዋታ የተዘጉት ሕንፃዎች ምን ይሁኑ የሚለው ሆኗል። አንድ ወንድማችን አለ፣ ቤት በማሻሻጥ ሥራ የሚተዳደር። ስኒውን አስቀመጠና ነገሩን በአጭሩ ቋጨው። ምእመን የለም፣ ስለዚህ ይዘጋል። ትምህርት ቤቱ ኪሳራ ነው፣ ስለዚህ ይሸጣል። መነኮሳቱም ቢሆኑ ጊዜያቸው አልፏል፤ ድሮም በቤተ ክርስቲያኒቱ ገንዘብ ተቀልበው የኖሩ ናቸው።

ተቀልበው!

እዚያው መመለስ ነበረብኝ። ግን ቡናው በረካ ላይ ደርሷል፣ እናቶች አሉ፣ ሰንበት ነው። ዝም አልኩ። ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

አንድ ነገር ላስቀድም። እኔ ካቶሊክ አይደለሁም፣ ተዋሕዶ ነኝ። ሆኖም ፊደል ካስቆጠሩኝ አንስቶ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያስተማሩኝ አዲስ አበባ ያሉ ሲስተሮች፣ የካቶሊክ ደናግል ማለቴ ነው፣ ናቸው። ስለዚህ ገለልተኛ ነኝ ብዬ አልዋሽም።

ባልቲሞርን ካነሳን እማሆይ ሜሪ ላንግን ሳያነሱ ማለፍ ነውር ነው። እማሆይ የምላቸው በእኛ ቤት ወግ ነው፣ እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አለኝ። ከኩባ የመጡ፣ ፈረንሳይኛ የሚናገሩ ጥቁር ሴት ነበሩ። ባልቲሞር ሲገቡ ሜሪላንድ ሰው እንደ ከብት የሚሸጥባት ግዛት ናት። ከተማዋ ለጥቁር ልጆች የሕዝብ ትምህርት ቤት የከፈተችው ከእርስ በርሱ ጦርነት በኋላ ነው። እሳቸው ግን ያንን አልጠበቁም። ባላስ ከምትባል ጓደኛቸው ጋር ሆነው በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ገንዘባቸው የሰው ልጅ ያስተምሩ ጀመር። በ1828 አባ ዡቤር የሚባሉ ፈረንሳዊ ቄስ አገዟቸውና ቤቱ በወጉ ትምህርት ቤት ሆነ። በዓመቱ፣ ጁላይ 2 ቀን 1829፣ አራት ጥቁር ሴቶች የምንኩስና ስእለት ገቡ። ኦብሌት ሲስተርስ ኦቭ ፕሮቪደንስ ተባሉ። አሜሪካ ውስጥ ጸንቶ የቆየ የመጀመሪያው የጥቁር ደናግል ማኅበር እሱ ነው።

በ1832 ኮሌራ ገባ። የድሆች መጠለያው በሕሙማን ሞላ፣ የሚያስታምም ሰው ጠፋ። ሲስተሮቹ ተጠየቁ፤ ሄዱ። ከመካከላቸው ሲስተር አንቶኒ ዱሸመን የታመሙትን ሊቀ ጳጳስ አስታመው አስነሷቸው። ቀጥሎ የሊቀ ጳጳሱን ቤት የምትጠብቀው ሴት ወደቀች። እሷንም ሲያስታምሙ በሽታው ያዛቸውና ሞቱ።

ይኸ ነው እንግዲህ መቀለብ ማለት።

ገና ነው። በ1843 አባ ዡቤር ሞቱ። የጊዜው ሊቀ ጳጳስ ኤክልስተን ለጥቁር መነኮሳት ብዙም ግድ አልነበራቸውም። ሲስተሮቹ ማኅበራቸውን በትነው ሰው ቤት ሠራተኛ ሆነው ቢገቡ ይሻላል የሚል ሐሳብ ሊቀ ጳጳሱ እንደነበራቸው በማኅበሩ ታሪክ ይተረካል። የነፍስ አባት አጡ፣ ገንዘብ አጡ። ምን አደረጉ? የሰው ልብስ አጠቡ። ተኮሱ። ሰፉ። እማሆይ ላንግ ራሳቸው ቄሶች በሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት የቤት ሥራ ሠሩ። ቀን አስተምረው ማታ ያጥቡ ነበር ማለት ነው። በዚያ ሳንቲም ትምህርት ቤቱ ቆየ። በ1847 አባ አንዋንደር የሚባሉ ቄስ መጥተው እስኪደርሱላቸው ድረስ በሩ አልተዘጋም።

ትምህርት ቤቱ ዛሬም አለ። ሴንት ፍራንሲስ አካዳሚ ይባላል። ከ1871 ጀምሮ ምሥራቅ ቼዝ ጎዳና ላይ ነው ያለው። የአሜሪካ ፉትቦል የሚከታተል ሰው ስሙን ያውቀዋል፤ በ2018 ቡድኑ ከመጠን በላይ በርትቶ የሊጉ ተጋጣሚዎች ከእነሱ ጋር አንጫወትም ብለው ቀርተው ነበር። እሱ ሌላ ጨዋታ ነው። እኔ የምለው፣ በልብስ አጣቢ እጅ የቆየን ቤት ስታይ ማን ማንን ቀለበ ብለህ ጠይቅ።

አሁን ወደ ዋናው ሒሳብ ልግባ። ወንድሜ ሒሳብ ይወዳል፤ እኔም ዛሬ አልለቀውም።

በ1884 የአሜሪካ ጳጳሳት ተሰብስበው አንድ ትእዛዝ አወጡ። እያንዳንዱ ቁምስና በሁለት ዓመት ውስጥ በአጠገቡ ትምህርት ቤት ይሥራ አሉ። የት ተሰብስበው? እዚያው ባልቲሞር! ዛሬ ቁምስና እየቆጠረ የሚዘጋው ከተማ ነው ያኔ እያንዳንዱ ቁምስና ትምህርት ቤት ይኑረው ያለው። ትእዛዙ ወጣ። ገንዘቡ ግን አልወጣም። ምእመኑ ከአየርላንድ፣ ከጀርመን፣ ከጣልያን፣ ከፖላንድ የመጣ ደሃ ነው፤ ወደብና ፋብሪካ ውሎ የሚገባ። መንግሥት ለቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት አይከፍልም። ታዲያ መምህሩን ማን ከፈለው?

ማንም። መልሱ ይኸው ነው። ሲስተሮች አስተማሩ፣ ደሞዝ የሚባል ነገር አላዩም። ለማኅበራቸው የምትሰጠው ገንዘብ ለቀለብና ለልብስ ካበቃች ጥሩ ነው። ሀብታም ወላጅ ባለበት የሙዚቃ ትምህርት እያስተማሩ በዚያ የደሃውን ክፍል ይደጉሙ ነበር። አንዲት ሲስተር ሃምሳ፣ ስድሳ ልጅ በአንድ ክፍል ይዛ ትውላለች። ማታ የቤተ ክርስቲያኑን ልብስ ትተኩሳለች። ቅዳሜ ለቁርባን የሚዘጋጁትን ታስተምራለች። በበጋ ልጆቹ ሲያርፉ እሷ ራሷ ተማሪ ትሆናለች። ይህ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት አይደለም፤ ዕድሜ ልክ ነው።

እኛ ይህን ነገር ከማንም በላይ እናውቀዋለን። እናት ቤት ውስጥ እያለች የቤቱ ወጪ ትንሽ ነው። ሽሮው ከየት መጣ፣ በርበሬውን ማን ደለዘ፣ እንጀራውን ማን ጋገረ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እናት ስትታመም ሠራተኛ ይቀጠራል። ያኔ አባወራው ጭንቅላቱን ይዞ፣ እንዴት ኑሮ በአንድ ጊዜ ተወደደ ይላል። ኑሮው አልተወደደም። ድሮም ያንኑ ያህል ነበር። ከፋዩ ነው የተለወጠው።

የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች የገጠማቸው ልክ ይኸው ነው። በ1965 አሜሪካ ውስጥ 180 ሺህ ገደማ ደናግል ነበሩ። ዛሬ ከ40 ሺህ በታች ናቸው፤ አብዛኞቹም አሮጊቶች ናቸው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ከ5 ሚሊዮን በላይ ልጆች ይማሩ ነበር። አሁን ሁለት ሚሊዮን አይሞሉም። ዛሬ ከመቶ መምህራን ከ95 በላይ የሚሆኑት ደሞዝተኞች ናቸው፤ ደሞዝ ይገባቸዋል፣ ያውም ትንሽ ነው የሚከፈላቸው። ስለዚህ የትምህርት ክፍያው ወጣ። ክፍያው ሲወጣ ደሃው ልጁን አወጣ። ደሃው ሲወጣ ትምህርት ቤቱ ከሰረ ተባለ። በ2010 ይኸው ሀገረ ስብከት ከ64 ትምህርት ቤቶቹ 13ቱን በአንድ ጊዜ ዘጋ። በ1847 ከባቫርያ በመጡ ሲስተሮች የተከፈተው ኢንስቲትዩት ኦቭ ኖትር ዳም በ2020 ተዘጋ። 173 ዓመት! የአሜሪካ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩት ናንሲ ፔሎሲና ሴናተር የነበሩት ባርባራ ሚኩልስኪ የተማሩበት ቤት ነው። ያም በሒሳብ ነው የተዘጋው።

ከሰረ የሚለው ቃል ራሱ ያናድደኛል። ትምህርት ቤቱ አትርፎ አያውቅማ! ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ኪሳራውን ሴቶች በጉልበታቸው ሸፍነውት ነው የኖረው። ሸፋኞቹ ሲያልቁ ጊዜ ኪሳራው ታየ።

ለመሆኑ ሸፋኞቹ እርጅና ላይ ምን ጠበቃቸው? ይህን ወንድሜ ይስማልኝ። ደሞዝ ስላልነበራቸው ጡረታ አልነበራቸውም። የአሜሪካ ሕግ የድህነት ስእለት የገቡ ሰዎችን በማኅበራቸው በኩል ወደ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ማለትም ወደ መንግሥት ጡረታ፣ እንዲገቡ የፈቀደው በ1972 ነው። እሱም ቢሆን የሚታሰበው በገቢ ነው፤ ገቢ ያልነበረው ሰው ምን ይደርሰዋል? በ1988 ጳጳሳቱ በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ ለአረጋውያን ደናግልና መነኮሳት የሚሆን ገንዘብ ከምእመኑ ማሰባሰብ ጀመሩ። ሙዳየ ምጽዋት ይዞራል። መቶ ዓመት የተሠራበት ደሞዝ በልመና ፖስታ እየተመለሰ ነው። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይኸ ካልሆነ ምን ይሁን?

እሺ፣ ከተማው ሰው አጥቷል የሚለውን እሰጠዋለሁ። በ1950 ባልቲሞር ውስጥ 950 ሺህ ሰው ይኖር ነበር፤ በ2020 ቆጠራ 586 ሺህ ገደማ ነው። ባዶ ወንበር ማሞቅ ገንዘብ ይፈጃል። ግን ልጅ የለም እንዳትሉኝ። በ2021 እዚያው ከተማ ውስጥ አዲስ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ተከፍቷል፤ ከ60 ዓመት ገደማ በኋላ በከተማው በአዲስ የተሠራ የመጀመሪያው ነው። ስሙ ማን ይባላል? ማዘር ሜሪ ላንግ! ሮምም በ2023 ክብርት ብላ አውጃላቸዋለች፤ ወደ ቅድስና የሚወስደው አንዱ ደረጃ ነው። ስማቸውን ግድግዳ ላይ መስቀል ቀላል ነው። በሒሳብ መዝገቡ ላይ ግን የሉም።

ሀገረ ስብከቱ በሴፕቴምበር 2023 የኪሳራ ጥበቃ ከፍርድ ቤት ጠይቋል። በልጅነታቸው በቀሳውስት ጥቃት የደረሰባቸው ሰዎች ያቀርቡታል ተብሎ የተጠበቀው ክስ ነው መነሻው። የቁምስናዎቹ መዘጋት ከዚህ ጋር አይገናኝም ይላሉ። ይሁንላቸው። እኔ ሕንፃ ሲሸጥ ገንዘቡ በየት በር እንደሚወጣ እስካይ ድረስ አላምንም። ተጎጂዎቹ መካስ አለባቸው፣ በዚያ ላይ አንድ ቃል የለኝም። ግን ጠበቃው ይከፈላል፣ አማካሪው ይከፈላል፣ ገማቹ ይከፈላል። ቤቱን ያቆመችው ብቻ ናት ለነፍሷ ብላ የሠራች ተብላ የምትታለፈው።

ሲስተሮቹ መላእክት ነበሩ አልልም። ማስመሪያ የያዘች ሲስተር ምን እንደምታደርግ የእኔ ጣቶች ያውቃሉ። ከዚያም የባሰ አለ። ዋሽንግተን ጆርጅታውን ያሉት የቪዚቴሽን ደናግል ባሪያ ነበራቸው። ብዙ የነጭ ማኅበራትም ለጥቁር ሴት በራቸውን ዘግተው ኖረዋል፤ እማሆይ ላንግ የራሳቸውን በር የከፈቱት ለዚህም ነው። ይህ ግን ስለ ኃጢአት ነው። ቡና ላይ የተነሳው ስለ ገንዘብ ነበር። በገንዘቡ ከሄድን ባለዕዳዋ ሲስተሯ አይደለችም።

አገር ቤትም ያው ነን። ካቶሊኩ ከመቶ አንድ አይሞላም፣ የሲስተሮች ትምህርት ቤት ለማስገባት ግን ተዋሕዶውም ሙስሊሙም ሰልፍ ይይዛል። ጉራጌ ውስጥ የአጣጥን ሆስፒታል ሲስተሮች በፈረንጆች 1969 ከፍተው ስንት እናት በሰላም ተገላግላበታለች። የማዘር ተሬዛ ሲስተሮች ከፈረንጆች 1973 ጀምሮ አዲስ አበባ ናቸው፤ ማንም የማይነካውን በሽተኛ ከመንገድ ያነሳሉ። እኛ ደግሞ ዞረን፣ እነሱ እኮ ፈረንጅ ይልክላቸዋል እንላለን። የላከው ፈረንጅ ቁስል ያጠበ ይመስል!

ስለዚህ እኔ የምለው ይኼ ነው። ባልቲሞር ውስጥ አንድ የቁምስና ሕንፃ ወይም አንድ ትምህርት ቤት ሲሸጥ፣ ከሌላው ሁሉ በፊት እዚያ ያስተማረው ማኅበር ድርሻ ይቀመጥ። ስንት ሲስተር፣ ስንት ዓመት፣ በጊዜው የሕዝብ ትምህርት ቤት መምህር ደሞዝ ስንት ነበር፣ ተባዝቶ ይጻፍ። መዝገቡ አለ፤ ማኅበራቱ እያንዳንዷ ሲስተር የት እንደተመደበች ጽፈው የሚያስቀምጡ ናቸው። ሁሉ ይከፈል አላልኩም፤ ቢከፈል ሀገረ ስብከቱ ራሱ ተሸጦም የሚበቃ አይመስለኝም። ቁጥሩ ግን ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ከሰረ የሚል ሰው ካለ ዓይኔን እያየ ይበለኝ።

ወንድሜ ቤት ሲያሻሽጥ ኮሚሽኑ ከመቶ ስንት እንደሆነ ገዢው በሩን ሳያንኳኳ ነው የሚነግርህ። ለሁለት ወር ሥራ። በሚቀጥለው እሑድ ለ173 ዓመት ስንት ይታሰባል ብዬ እጠይቀዋለሁ። አቦሉ ላይ ነው የምጠይቀው፣ በረካን አልጠብቅም።