ግልጽ ደብዳቤ ለወረቀቱ ጀርባ

ለ፦ የእጩ ፊርማ ማሰባሰቢያ ቅጽ የጀርባ ገጽ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለ አለመኖርዎ

ክቡር ጀርባ ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ። ናፍቆቱ ግን ቀላል አይደለም። 151 ፊርማ በልቷል።

ተያይተን ስለማናውቅ ራሴን ላስተዋውቅ። ለአሜሪካዋ የቨርጂኒያ ግዛት የተወካዮች ምክር ቤት ልወዳደር የተነሳሁ፣ ከሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ውጭ የሆንኩ የሦስተኛ ፓርቲ እጩ ነኝ። ወይም ነበርኩ። መቀመጫው 100 ነው፤ እኔ የፈለግኩት አንዱን ነው። ደሞዙ በዓመት 17,640 ዶላር ስለሆነ፣ "ብር ፈልጎ ነው" የሚሉኝ ወገኖቼ ታክሲዬን ቢጠይቋት የተሻለ ትነግራቸዋለች። ፓርቲዬንም ፓርቲ ብሎ መጥራት ይከብዳል። በግዛቱ ሕግ ፓርቲ ለመባል በግዛት አቀፍ ምርጫ 10 በመቶ ድምፅ ማግኘት ያስፈልጋል። እኛ እስካሁን በሕግ ፊት እድር ነን።

ቢሆንም ስሜ ድምፅ መስጫው ላይ እንዲወጣ የሚጠየቀው 125 ፊርማ ብቻ ነው። 125! ሐበሻ ለአንድ ክርስትና ከዚህ በላይ ሰው ይጠራል። እሁድ ቅዳሴ ሲያልቅ በር ላይ ቆሜ እጨርሰዋለሁ አልኩ። ለካ ፈራሚው የምርጫ ክልሌ መራጭ መሆን አለበት። ግማሹ ምዕመን ከሜሪላንድ የመጣ ነው። ሩቡ ገና ግሪን ካርድ ላይ ነው። የቀረው "ፊርማ" የሚል ቃል ሲሰማ መኪናውን የት እንዳቆመ ትዝ ይለዋል። አንድ አዛውንት ብዕሩን ተቀብለው፣ ቅጹን ከላይ እስከ ታች አንብበው፣ ብዕሩን መለሱልኝ። "ልጄ፣ እኔ ሁለት ዓመት የታሰርኩት በፊርማ ነው" አሉኝ። ምን ይባላል? አቅፌ ሸኘኋቸው።

ሁለት ወር እንጀራ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ሞላልኝ፤ ተርፎም ፈሰሰ።

አሁን ወደ እርስዎ እንምጣ። የቤቴ ፕሪንተር በአንድ ፊት ብቻ ነው የሚያትመው። እኔም ባለ ሁለት ፊት ነገር ስለማልወድ ተስማምተን ኖረናል። ቅጹን ሳወጣ የፊት ገጹ በአንድ ወረቀት፣ እርስዎ በሌላ ወረቀት ወጣችሁ። አንድ ላይ ስቴፕል መታሁባችሁና ተጋባችሁ አልኩ። እርስዎ ላይ ያለውን ቃለ መሐላ ሰነድ አረጋጋጩ ኖተሪ ፊት ፈረምኩ፤ ማኅተሙን አስመታሁ። 19 ጊዜ።

የመጨረሻው ቀን የጁን ሦስተኛው ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። እኔ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ ሱፌን ለብሼ፣ ፎልደሬን ታቅፌ ደረስኩ። ዲኤምቪ፣ መንጃ ፈቃድ ቢሮ ማለት ነው፣ ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው እንዴት እንደምንዘጋጅ ያውቃል። መታወቂያ በኦሪጅናል፣ በኮፒ፣ የኮፒውም ኮፒ።

መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ትሁት ናት። ፈገግ አለች። የመጀመሪያውን ወረቀት አነሳች፤ ገልበጥ። ነጭ። ሁለተኛውን፤ ገልበጥ። ነጭ። ሦስተኛው ላይ ፈገግታዋ ከንፈሯ ላይ ቀረና ዓይኗ ሄደ።

"ጀርባው የታለ?"

"ይኸው!" አልኩ፣ በስቴፕል የተያያዘውን በኩራት እያሳየሁ።

ራሷን ነቀነቀች። ቅጹ ፊትና ጀርባው በአንድ ወረቀት ላይ ካልታተመ አይቆጠርም አለችኝ። ደንብ ነው። ሄጄ አነበብኩት፤ እውነቷን ነው። ማኅተም ቢኖረው፣ መሐላ ቢኖረው፣ ፈራሚው ሁሉ በአካል ቢመጣ እንኳ እርስዎና ፊትዎ ሆድና ጀርባ ከሆናችሁ አለቀ። 19ኙን ወረቀት ሰብስባ፣ ጠርዙን ጠረጴዛው ላይ ቸብ ቸብ አድርጋ አስተካክላ፣ መለሰችልኝ። ማስተካከሏ ነው የገደለኝ። ከኋላዬ የቆመው ሰውዬ "ያሳዝናል" ብሎ አንድ እርምጃ ወደፊት ቀረበ። ተራው ደርሶለታ!

አንድ ወዳጄ ማተሚያ ቤት ያሳተመው ሁለት ወረቀት ብቻ ተረፈ። 22 ፊርማ። የቀረኝ 103 ሰውና አራት ሰዓት ነበር። በሱፍ ሮጥኩ። ማክሰኞ ከሰዓት ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው። 41 አገኘሁ፤ ለእነሱም የምምልበት ኖተሪ 11 ሰዓት ላይ ዘግቶ ሄዷል።

እዚህ ላይ አንቱታው ይቅር።

ስማ፣ ጀርባ። ከነዚያ 151 ሰዎች መሀል አንዲት እናት አሉ። ዜግነት ያገኙት በቅርቡ ነው። የመኪናዬ ኮፈን ላይ ጎንበስ ብለው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ ስማቸውን ከመታወቂያቸው ላይ ፊደል በፊደል ገለበጡ። አንዷ ፊደል ተዛንፋባቸው ሰርዘው እንደገና ጻፉ። ከዚያ በአማርኛ ፈረሙ። ከኋላቸው ሰልፍ ነበር፤ አንድም ሰው አልተነጫነጨም። ረቡዕ ጠዋት ደወሉልኝ። "ልጄ፣ ስሜ ደረሰ ወይ?"

ምን ልበላቸው? ስማቸው እውነት ነው። አድራሻቸው እውነት ነው። መራጭነታቸው እውነት ነው። ማንም ውሸት ነው አላለም። እኚህን ሴትዮ የጣላቸው አንድ ስቴፕል ነው።

እዚሁ ቨርጂኒያ በፈረንጆቹ 2017 ምርጫ፣ 94ኛው የምርጫ ክልል ላይ ሁለት እጩዎች እኩል 11,608 ድምፅ አገኙ። ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 ሪችመንድ ላይ፣ ካሜራ ሁሉ እያየ፣ ስማቸው ከጎድጓዳ ሳህን በእጣ ወጣ። የምክር ቤቱን አብላጫ የወሰነው ያ እጣ ነው። እጣው የተጻፈባትን ብጣሽ ወረቀት ገልብጦ ጀርባዋን ያየ ሰው ነበር? ለእነሱ ብጣሽ በቃች። ለእኛ ጀርባ ተፈለገ።

የድሮውን ቅሬታ አላበዛም። ክርክር ላይ አልተጠራሁም። ስሜ ቢወጣም ከትልልቆቹ በታች ነበር የሚሰለፈው። "ድምፅ ታባክናለህ" ያለኝ ጎረቤቴ ደግሞ ድምፅ ሰጥቶ አያውቅም።

አሁን የቀረችኝ መራጩ በእጁ ስሜን የሚጽፍባት ባዶ መስመር ናት። ስሜን ደግሞ የገዛ ወንድሜ በእንግሊዝኛ በሦስት ዓይነት ይጽፈዋል። እኚያ እናት ግን ልምምድ ጀምረዋል። የሚለማመዱባቸውን ወረቀቶች የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። 19 ናቸው፤ ጀርባቸው ንጹሕ ነጭ ነው።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለፊት ገጽ፣ ባለበት፤ አንድ ላይ ከሆናችሁ አንድ ኮፒ ይበቃችኋል።