ያገለገለ ካሚዮን ስትገዙ ስንት ሊትር እንዳቃጠለ ጠይቁ

ያገለገለ ከባድ መኪና ሊገዛ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ የታወቀ ነው። «ስንት ሄዷል?» ይላል። ሻጩም መልሱን አዘጋጅቶ ነው የሚጠብቀው። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ የገዢው ፊት ይፈታል። ብዙ ከሆነ የዋጋ መከራከሪያ ይሆናል። ከዚያ ቀለሙ ይታያል፣ ጎማው በእግር ይመታል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ድምፁ «ጥሩ ነው» ይባላል። የብዙ ዓመት ቁጠባ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከእጅ ይወጣል።

እኔ ይህ ጥያቄ የመጀመሪያነቱን ቦታ እንዲለቅ እፈልጋለሁ። ኪሎ ሜትር ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ለቤት መኪና ደህና መለኪያ ነው። በከባድ መኪና ላይ ግን ብዙ ነገር ይደብቃል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ይህ ሞተር እስከ ዛሬ ስንት ሊትር ናፍጣ አቃጠለ?» የሚለው ነው ብዬ አምናለሁ።

ሞተር የሚያረጀው በሠራው ሥራ ልክ ነው። ሲሊንደር ውስጥ የተቃጠለ እያንዳንዱ ሊትር ሙቀትና ግፊት ፈጥሯል። ፒስተኑን፣ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) እና ብሮንዚኑን (ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ስስ ብረት) በጥቂቱ በልቷል። ሁለት መኪኖችን እናስብ። ሞተራቸው አንድ ዓይነት ነው። የሁለቱም ቆጣሪ 800,000 ኪሎ ሜትር ያሳያል። አንዱ ሜዳ ለሜዳ፣ መጠነኛ ጭነት ይዞ ሲመላለስ የኖረ ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 32 ሊትር ፈጅቷል። ሌላው አሸዋና ድንጋይ ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ የኖረ ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 55 ሊትር ፈጅቷል። የመጀመሪያው በዕድሜው ያቃጠለው 256,000 ሊትር ነው። የሁለተኛው 440,000 ሊትር ይሆናል። ቆጣሪያቸው እኩል ነው፤ የሁለተኛው ሞተር ግን ከ70 በመቶ በላይ ተጨማሪ ነዳጅ በልቷል። «ስንት ሄዷል?» ብሎ የጠየቀ ገዢ ሁለቱን መለየት አይችልም።

ይህ ከራሴ ያመጣሁት ሐሳብ አይደለም። ካተርፒላርን የመሰሉ የሞተር አምራቾች አንድ ሞተር መቼ ወርዶ መታደስ እንዳለበት ሲገምቱ ከሚያዩዋቸው ነገሮች አንዱ ያቃጠለው ነዳጅ ድምር ነው። ገዢዎች ከዚህ መለኪያ ርቀን መኖራችን ያሳዝነኛል።

ቁጥሩን ማግኘት የሚመስለውን ያህል አይከብድም። በኤሌክትሮኒክስ የሚመራ ሞተር ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚመዘግበው ብዙ ነገር አለ። ሞተሩ በጠቅላላ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ስንቱን ሰዓት ቆሞ እንደሠራ፣ ስንት ሊትር እንደፈጀ ይይዛል። ትክክለኛው የመመርመሪያ መሣሪያ ያለው መካኒክ በአጭር ጊዜ ያነበዋል። ሻጩ በዚህ ካልተስማማ ምክንያቱን ጠይቁት። ኮምፒውተሩ ተቀይሮ ከሆነ ቁጥሩ ከአዲስ ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ ከዳሽቦርዱ ቆጣሪና ከሰርቪስ ወረቀቶቹ ጋር አስተያዩት። ሦስቱ የሚናገሩት ታሪክ አንድ መሆን አለበት።

ሰዓቱም ብዙ ይናገራል። 800,000 ኪሎ ሜትር በ12,000 ሰዓት የሄደ መኪና በአማካይ በሰዓት 67 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዷል ማለት ነው። የረጅም መንገድ መኪና ነው። ያንኑ ርቀት በ22,000 ሰዓት የሄደው ግን አማካዩ 36 ገደማ ነው። ወይ ከተማ ውስጥና ዳገት ላይ ሲጎተት ኖሯል፣ ወይ ሞተሩ ሳይጠፋ ብዙ ቆሟል። ሞተር አስነስቶ መቆም ብዙ ሰው እንደሚያስበው ዕረፍት አይደለም። አንድ ከባድ መኪና ቆሞ ሲሠራ በሰዓት 3 ሊትር ገደማ ይፈጃል። በዚያ ሁኔታ ሞተሩ በቂ ሙቀት ላይ አይደርስም። ነዳጁ በደንብ አይቃጠልም፣ ጥላሸት ይከማቻል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው በዚያን ጊዜ ሁሉ አንዲት ቁጥር አይጨምርም።

ቆጣሪውን ማመን ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ ሻጭ ለገዢ የቆጣሪውን ንባብ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ አለ። ከ16,000 ፓውንድ በላይ የክብደት ደረጃ ያላቸው ተሽከርካሪዎች ግን ከዚህ ግዴታ ነፃ ናቸው። ይህ ወደ 7,260 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ከባድ መኪና ሁሉ ከዚያ በላይ ነው። ለትንሽ መኪና ገዢ የተሰጠው ጥበቃ የቤተሰብ ጥሪት አውጥቶ ካሚዮን ለሚገዛው አልተሰጠም።

ሁለተኛው የምቃወመው ነገር በብራንድ ስም ብቻ መግዛት ነው። «ይሄ ስም አይበላሽም» የሚል ገዢ ብዙ ነው። የናቪስታር ታሪክ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ነው። ኩባንያው ኢንተርናሽናል በሚባለው የመኪና ስሙ ይታወቃል። ዲቲ466 የተባለው የቀድሞ ሞተሩ በጥንካሬው ብዙዎች የሚወዱት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ ጥብቅ የጭስ ደንብ ሲመጣ ሌሎቹ አምራቾች ጭሱን በዩሪያ ፈሳሽ ማጽዳትን መረጡ። ናቪስታር ግን የተቃጠለውን ጋዝ መልሶ ወደ ሞተሩ በማስገባት ብቻ ደንቡን አሟላለሁ አለ። ማክስፎርስ የተባሉት ሞተሮቹ በጋዝ መመለሻውና በማቀዝቀዣው በኩል ብዙ ቅሬታ አመጡ። እ.ኤ.አ. በ2012 ኩባንያው መንገዱን ቀይሮ ወደ ዩሪያው እንደሚሄድ አስታወቀ። ገዢዎች ያቀረቡት ክስ በኋላ በ135 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ስሙ ያው ነው፣ የተለየው ሞተሩና ዓመቱ ነው። ስለዚህ የምትገዙት ሞተር የትኛው ሞዴል እንደሆነ፣ በየትኛው ዓመት እንደተሠራ ሳታውቁ ስለ ብራንድ አታውሩ።

በአውሮፓ መኪኖችም ዓመቱ ይወስናል። ዩሮ የሚባሉት የአውሮፓ የጭስ ደረጃዎች ናቸው። ለከባድ መኪና ዩሮ 4 እ.ኤ.አ. በ2005፣ ዩሮ 5 በ2008፣ ዩሮ 6 በ2013 ነው የመጡት። ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር ጭስ ማጽጃው ይወሳሰባል። ዩሮ 6 መኪና የጥላሸት ማጣሪያም አድብሉም (ያ የዩሪያ ፈሳሽ) አለው። ይህ መኪናውን መጥፎ አያደርገውም። ግን ማጣሪያውን የሚያጸዳ፣ ሴንሰሩን የሚያነብ መካኒክ በምትሠሩበት አካባቢ ከሌለ ለእናንተ አስተማማኝ አይሆንም። ማጣሪያው ተቆርጦ ወጥቶ፣ ኮምፒውተሩም ተነካክቶ የሚሸጥ መኪና ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ። የቆረጠው ሰው የቆረጠበት ምክንያት ነበረው። ብዙ ጊዜ ማጣሪያው የተደፈነው ሞተሩ ዘይት ስለሚበላ ወይም ኢንጀክተሩ (ነዳጅ ወደ ሲሊንደር የሚረጨው) ስለሚያፈስ ነው። ያ ችግር አሁንም እዚያው ይሆናል።

ቁጥሩንና ዓመቱን ካወቃችሁ በኋላ መኪናውን በቀዝቃዛ ሞተር እዩት። ይህን ከራሴ ጥፋት ነው የተማርኩት። አንድ ጊዜ ከዘመዴ ጋር ካሚዮን ልናይ ሄድን። ስንደርስ መኪናው ተነስቶ ይጠብቀናል። ድምፁ ልስልስ ያለ ነበር። ሞተሩ ለምን ቀድሞ እንደሞቀ ማናችንም አልጠየቅንም። ዘመዴ ገዛው። በማግስቱ ጠዋት አልነሳ ብሎ ተጎተተ። ሞተሩ ወርዶ ሲታይ ፋሻው አልቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ ገና ስደርስ እጄን ወደ ሞተሩ አስጠግቼ ሙቀቱን እፈትሻለሁ። የሞቀ ከሆነ ሌላ ቀን፣ በጠዋት፣ ሳይነሳ ለማየት እቀጥራለሁ።

ሲነሳ ጭሱን ተመልከቱ። በብርድ ትንሽ ነጭ ጭስ ወጥቶ ቢጠፋ አያስጨንቅም። ሞተሩ ሞቆም ነጩ ካላቆመ ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እያቃጠለ ነው። ጥቁር ከሆነ አየር አንሶታል ወይም ነዳጅ በዝቶበታል። ቱርቦው፣ የአየር ማጣሪያው፣ ኢንጀክተሩ ይታይ። ቀጥሎ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈቱና አፉ ላይ ገልብጣችሁ አስቀምጡት። ክዳኑ እየዘለለ ከወደቀ ከፋሻው አልፎ የሚወርደው ጋዝ በዝቷል። የራዲያተሩን ክዳን ግን ሞተሩ ሳይነሳ፣ በብርዱ ነው መክፈት ያለባችሁ። የዘይት ቅባት ከታየበት፣ ወይም ሞተሩ ሲሠራ በውሃ ማጠራቀሚያው ውስጥ አረፋ ከፈላ የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ያጠራጥራል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የማምነው የዘይት ምርመራን ነው። ትንሽ ዘይት ከሞተሩ፣ ትንሽ ከካምቢዮው፣ ትንሽ ከዲፈረንሻሉ ተወስዶ ላብራቶሪ ይላካል። ብረት ከበዛበት ሲሊንደሩ ወይም ማርሹ እየተበላ ነው። እርሳስና መዳብ ከታየ ብሮንዚኑ። ሲሊከን አብዛኛውን ጊዜ አቧራ ነው፣ አየር ማጣሪያው አሳልፏል ማለት ነው። ሶዲየምና ፖታሲየም ከራዲያተሩ ፈሳሽ ይመጣሉ። አንድ ጥንቃቄ አለው። ዘይቱ ትናንት ከተቀየረ ምርመራው ምንም አይናገርም። ስለዚህ መቼ እንደተቀየረ አስቀድማችሁ ጠይቁ። «ለእናንተ ብዬ አሁን ቀየርኩት» ከተባላችሁ አሮጌውን ማጣሪያ ጠይቁና አስቆርጡት። እጥፋቶቹ መካከል የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካለ ታያላችሁ። የካምቢዮና የዲፈረንሻል መፍሰሻ ብሎኖች ጫፋቸው ላይ ማግኔት ካላቸው እነሱንም እዩ። ጥቁር ቅባት መሳይ ዱቄት የተለመደ ነው። ስባሪ ብረት ግን አይደለም።

ሻንሲውን ከሥር ተኝታችሁ ነው ማየት ያለባችሁ። ሞተር ይወርዳል፣ ካምቢዮ ይቀየራል፣ የተሰነጠቀ ሻንሲ ግን መኪናውን ይጨርሰዋል። ባሌስትራው የሚታሰርበትን ቦታና ተሳቢ የሚያርፍበትን አካባቢ በባትሪ መብራት ፈትሹ። ከሌላው ቦታ የተለየ አዲስ ቀለም ካለ ምን እንደሸፈነ ጠይቁ። የብዙ ከባድ መኪና ሻንሲ በሙቀት የጠነከረ ብረት ነው። እንዲህ ያለው ሲበየድ ጥንካሬውን ያጣል። አምራቾችም በላይኛውና በታችኛው ከንፈሩ ላይ መበየድን የሚከለክሉት ለዚህ ነው።

ፍሬኑ ላይ ጨክኜ መናገር እፈልጋለሁ። ሞተር ቢከዳችሁ ገንዘባችሁ ነው የሚጠፋው። ፍሬን ቢከዳ የሌላ ሰው ልጅ ነው የሚሞተው። የአየር ፍሬን ፈተናው ሰዓት ብቻ ይፈልጋል። በአሜሪካ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ፈተና ላይ የሚሠራበት ልክ ይህ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ የፍሬን ፔዳሉ ተረግጦ ሲያዝ፣ ተሳቢ የሌለው መኪና በደቂቃ ከ3 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ) በላይ አየር ማጣት የለበትም። ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ግፊቱ ከ85 ወደ 100 በ45 ሰከንድ ውስጥ መውጣት አለበት። ቀጥሎ የአየር ታንኮቹን አፍስሱ። ዘይት ከወጣ ኮምፕሬሰሩ አርጅቷል። የፍሬን ሸራውንና ታምቡሩን ሳያዩ መግዛት በሌላ ሰው ሕይወት መወራረድ ነው።

ጎማ ላይ ብዙ አልቆይም። የጎን ጽሑፉ ላይ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች አንብቡ። 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። በአንድ ወገን ብቻ የተበላ ጎማ አክስሉ መዛባቱን ይናገራል።

ገንዘባችሁን ሁሉ ለግዢው አታውጡ። በደንብ የተያዘ መኪናም ቢሆን እንደተገዛ ዘይቶቹ፣ ማጣሪያዎቹና የራዲያተሩ ፈሳሽ መቀየር አለባቸው። ምርመራው ካሳየው ጉድለት በላይ ሌላም ይወጣል። መኪናው ቆሞ መለዋወጫ መግዣ ያጣ ባለቤት ብዙ አይቻለሁ። መኪናው መጥፎ ስለሆነ አልነበረም። ለመጀመሪያዎቹ ወራት የሚሆን ተቀማጭ ስላልነበራቸው ነው።

በመጨረሻ ከቻላችሁ ሹፌሩን አግኙት። ባለቤቱ የሚያውቀው ወረቀቱን ነው። ሹፌሩ ደግሞ መኪናውን ዳገት ላይ፣ በሌሊት፣ በጭነት ያውቀዋል። ዘይት በየስንት ቀኑ እንደሚጨምር ጠይቁት። ማርሽ ይለቅ እንደሆነ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ይሞቅ እንደሆነ ጠይቁት። እኔ ሁልጊዜ የማልረሳው ሌላ ጥያቄ አለኝ። «ረጅም መንገድ ሲወጡ ምን መለዋወጫ ይዘው ይወጣሉ?» እላለሁ። «ቺንጋና የነዳጅ ማጣሪያ» ብሎ ከመለሰልኝ የዋጋ ንግግሩን እቀጥላለሁ። ጋቢናው ውስጥ ውሃ በጀሪካን፣ ዘይት በባሊ፣ መለዋወጫ ኢንጀክተር ከተደረደረ ግን አመስግኜ እሄዳለሁ።