ውዳሴ ለባቡር ተከራካሪዎቻችን

ባለፈው ሳምንት አንድ ጠዋት ጣቢያ ላይ ቆሜ የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር እጠብቅ ነበር። ባቡሩ ዘገየ። ክርክሩ ግን በሰዓቱ ደረሰ።

ሱፍ የለበሱ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው «መንግሥት ካዝናው በተራቆተበት ሰዓት ባቡር ይስፋፋ ማለት ቅብጠት ነው» አለ። ሁለተኛው «ባቡር ሳይሠራ ያደገ አገር ካለ ጥራልኝ» ብሎ መለሰ። ከዚያ ጃፓን ተጠራች፤ ሲንጋፖር ተጠራች፤ አይኤምኤፍ ተረገመ፤ አፄ ምኒልክ ከሁለቱም ወገን ምስክር ሆነው ቆሙ። በዚህ መሃል ባቡሩ መጣ። ጢም ብሏል። በሩ ተከፈተ፤ የወረደ ሰው የለም፤ አንድ ክንድና ግማሽ ቦርሳ ብቅ ብለው ተመለሱ፤ በሩ ተዘጋ። ሁለቱ ሰዎች ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ለምን እንዳላዩት የገባኝ አንደኛው ስልኩን አንስቶ «አቤት፣ የት ጋ አቆምከው?» ሲል ነው። ሹፌሩን ነው። ጌቶች ለካ ጥላ ፍለጋ ነው የቆሙት።

እኔ ግን ላማቸው አልተነሳሁም። ላመሰግናቸው እንጂ።

ይህ ከተማ የሚጎድለው ብዙ ነው። ውሃው በፈረቃ ነው፤ መብራቱ እንደ ስሜቱ ነው። የባቡር ተከራካሪ ግን አጥተን አናውቅም። ካፌ ግቡ፣ አለ። ለቅሶ ቤት ሂዱ፣ ድንኳኑ ውስጥ ካርታ እየተጫወተ አለ። ራይድ ጥሩ፣ ሹፌሩ ራሱ ነው። ደግሞ ጥራቱ! መለዋወጫ አይፈልግም። የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። መብራት ቢጠፋ አይቆምም፤ እንዲያውም በሻማ ይብስበታል። በየአምስት ደቂቃው ይመላለሳል፤ ሰው ከሌለ ብቻውን ይሄዳል። እንዲህ ያለ ነገር እያለን ቻይና ድረስ ብድር ፍለጋ መሄዳችን በእውነት ይቆጫል።

ተከራካሪዎቻችን በዓይነት በዓይነት ናቸው። ከሁሉ የሚያስቀናኝ ካርታ ሠሪው ነው። አንድ እስክሪብቶና የማኪያቶ ደረሰኝ ስጡት፣ በአንድ ቁጭታ ኮዬ ፈጬን ከቃሊቲ ያገናኛል። ጀሞ ቢጫ መስመር ይደርሳታል፤ የካ አባዶ ወይን ጠጅ። ደረሰኙ ጀርባ ላይ ቦታ ከተረፈ ቢሾፍቱን ደርሶ ይመጣል። የካሳ ክፍያ የለ፣ የሚፈርስ ቤት የለ፣ ብድር የለ። «ገንዘቡስ?» ስትሉት እስክሪብቶውን ክዳኑ ውስጥ ይከታል። ያ ጥያቄ ለትንንሽ ሰዎች ነው።

ቀጥሎ አዋጭነት ባዩ አለ። «ባቡሩ ትርፍ የለውም» ይላል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ምስጢር እንደሚነግር። እውነቱን ነው፣ የለውም። ሲጀመር ቲኬቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር፤ በዚህ ዋጋ የሚያተርፍ ባቡር ካለ እኔም እገዛለሁ። ይህ ሰው ግን የቀለበት መንገዱን ሂሳብ ሲጠይቅ ሰምቼው አላውቅም። አስፋልት ትርፍ ያስገባ ይሆን? መንገድ ለሱ እንደ ዝናብ ከሰማይ የሚወርድ ነው። እሱ ራሱ መኪናውን በድጎማ ቤንዚን ሲነዳ ኖሯል፤ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የታለመ የሚባለው ድጎማ መጥቶ ለብዙኃን ትራንስፖርት እስኪለይ ድረስ ሁላችንም ታንከሩን ስንሞላለት ነበር። ያኔ «አዋጭ ነው ወይ?» አላለም። ጨዋ ሰው ስለ ራሱ ቤንዚን አያወራም።

የእኔ ጣዖት ግን መንዛሪው ነው። ታውቁታላችሁ። ማንኛውንም የመንግሥት ወጪ ሰምቶ ወደ ሌላ ነገር ካልመነዘረ እንቅልፍ የማይወስደው። አንዱ በትምህርት ቤት ይመነዝራል፤ አንዱ በኮንዶሚኒየም። ሰፈሬ ያለው በእንቁላል ነው።

ቅዳሜ ዕለት ቡና ቤት ተቀምጠን ስልኩን አወጣ። «የቀላል ባቡሩ ወጪ 475 ሚሊዮን ዶላር ነው። ትክክል?» ትክክል ነው አልነው። «ያኔ ዶላር 20 ብር ነበር እንበል። እንቁላል 3 ብር እንያት። ስንት እንቁላል ይሆናል?» ዝም አልን። «ከሦስት ቢሊዮን በላይ!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። ስኒዎቹ ዘለሉ። «ለአምስት ሚሊዮን ሰው ብታካፍሉት ለአንድ ነዋሪ ከ600 እንቁላል በላይ ይደርሳል። በባቡሩ ፋንታ እያንዳንዳችን 600 እንቁላል ነበረን!»

አንዱ፣ ሂሳብ ወዳድ ነው፣ «በቀን አንድ ከበላን ሁለት ዓመት አያደርሰንም» አለ። መንዛሪው ሳቀበት። «ጾሙን የት ጣልከው?» እውነትም። ረቡዕና ዓርብ ወጣ። ሁዳዴ ወጣ። ነቢያት ወጣ፣ ሐዋርያት ወጣ፣ ፍልሰታ ወጣች። እንቁላሉ ሦስት ዓመት ተሻገረ። እዚህ ላይ ጉዳዩ ጽጌ ላይ ደርሶ ተጣበቀ። ግማሹ «ጽጌ የፈቃድ ነው፣ በስሌት አይገባም» አለ። ሌላው «እኔ እጾማለሁ፤ የኔ እንቁላል ለምን ከኔ ቀድሞ ያልቃል?» ብሎ ተቆጣ። ጥግ ላይ የተቀመጠው ጀማል «እኔን በረመዳን ማታ ማታ መዝግቡኝ» አለና ተመዘገበ።

ሰፈራችን አንድ ጉዳይ ከያዘ አይለቅም። ማከማቻው የት ይሁን የሚለው ተነሳ። ፍሪጅ አይሆንም፣ መብራት ይጠፋል። ጭድ ይሁን ተባለ። ጭድ በጨረታ ነው ወይስ በቀጥታ ግዢ? ጨረታ ከሆነ ኮሚቴ ያስፈልጋል። ኮሚቴ ካለ አበል አለ፤ አበሉ በእንቁላል ይከፈል ሲባል የኮሚቴው ዕጩዎች አኮረፉ። ከዚያ «የእንቁላል ጽሕፈት ቤት» ተቋቋመ፤ ኃላፊ፣ ምክትል ኃላፊ፣ ሁለት መኪና፣ የሕዝብ ግንኙነት። የሕዝብ ግንኙነቱ ወዲያው «እንቁላላችን ለብልጽግናችን» የሚል ባነር አዘዘ። የጥናት ቡድን ወደ ሆላንድ ይላክ ተባለ፤ የዶሮ ልምድ ቀስሞ እንዲመጣ። ዶሮዎቹ እዚህ መሆናቸውን ያነሳ የለም። አንድ ልጅ ከመሃል «እንቁላሉን ደርድረን ብንሄድበትስ?» አለ። መንዛሪው ስልኩን አነሳና ከ34 ኪሎ ሜትሩ መስመር ጋር አነጻጸረው። በአንድ ረድፍ ቢቀጣጠል መሬትን ከአራት ጊዜ በላይ ይዞራል ብሎ አወጀ። አጨበጨብን።

በመጨረሻ የቡና ቤቱ ባለቤት እማማ ከምድጃው አጠገብ ሆነው «ልጆቼ፣ እንቁላል እኮ ይሰበራል» አሉ።

መንዛሪው ለአፍታ አልተደናገጠም። «ባቡሩስ መቼ ሳይሰበር ቀረ?»

ይህን ሰው እንዴት አትወዱትም?

የሚያስቀው ቁጥሩ ስህተት አለመሆኑ ነው። ወጪው በእርግጥ 475 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ 85 በመቶው ከቻይናው ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር። መስከረም 2008 ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ ያለው ሲከፈት፣ ጥቂት ቆይቶም ከአያት ጦር ኃይሎች ያለው ሲከተል፣ 39 ጣቢያና 41 ባቡር ነበረን። ከተማው ሁሉ ሰልፊ ተነሳ። እኔም ተነስቻለሁ፣ አልክድም፣ ፎቶዬ ላይ ደስ ብሎኛል። ከዚያ ከ41ዱ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መለዋወጫ አጥተው የቆሙበት ዘመን መጣ። ይህን የምላችሁ እኔ ሳልሆን የከተማው ሹማምንት ራሳቸው ያመኑት ነው። መለዋወጫው በዶላር ነው። ዕዳው በዶላር ነው። ቲኬቱ በብር ነው። ሲከፈት ዶላሩ ከ20 ብር ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ሐምሌ 2016 ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ ግን በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይላሉ አበው፤ የቀረውን ድስቱ ጋ ያለው ሰው ያውቀዋል።

በቃ፣ እዚህ ጋ ቀልዱን ላቁመው።

ከፍ ብለው ከተሠሩት ጣቢያዎች በአንዱ አንዲት ሴት ልጅ አዝላ፣ በአንድ እጇ ሌላ ልጅ፣ በሌላው ፌስታል ይዛ ደረጃ ስትወጣ አየሁ። አጠገቧ ያለው ሊፍት ቁልፉ ተነቅሎ ሽቦው ወጥቷል። መሃል ላይ ቆማ ግድግዳውን ተደገፈች። ስንቱ በጎኗ አለፈ። እሷ የመንግሥት በጀት አልነጠፈባትም? ደሃ አገር መሆናችንን ሰው እንዲነግራት ነው የምትፈልገው? ዳር ከተማ ኮንዶሚኒየም ወጣልሽ ተብላ ሄዳ፣ ለሥራ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስታ፣ ሁለት ታክሲ ቀይራ የምትመጣው እሷ ናት። የቆመ ባቡር ብድሩ አብሮት አይቆምም! ወለድ ዲፖ ገብቶ አያድርም! ባቡሩ ሄደም ተኛም የምትከፍለው ይህችው ናት፤ በዘይት ትከፍላለች፣ በጤፍ ትከፍላለች። እና እኛ ደግሞ «ይስፋፋ፣ አይስፋፋ» እንላለን። ያለውን ማን ያንቀሳቅሰው? ለአንድ ብሎን፣ ለአንድ ጎማ፣ ለአንድ ሊፍት በጀት ይያዝ ብሎ ጠረጴዛ የመታ ሰው ካያችሁ አሳዩኝ። ለብሎን ሪባን አይቆረጥማ!

ይቅርታ። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ከውጭ የመጣውን ወንድማችንን ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። ክረምት ሲገባ ይመጣል፤ ሁለት ቀን በጄት ላግ ይተኛል፤ በሦስተኛው ቀን ስለ ባቡር ያስተምረናል። «እኛ ጋ እኮ ባቡር በደቂቃው ነው!» ይላል። የሚኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሜትሮው ውስጥ ያየሁት ግን የመጀመሪያ ሳምንቱን ፎቶ ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ፎቶ በሙሉ መሪ ይዞ ነው። እዚያው ደጁ ላይ ፐርፕል ላይን የሚባል ቀላል ባቡር እ.ኤ.አ. በ2017 መሠራት ተጀምሮ በ2022 ሊከፈት ነበር። ዓመታት ዘገየ፤ ዋጋውም አሻቀበ። ሜሪላንድም ውስጥ «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» ተብሎ ሲጨቃጨቁ ኖረዋል። ይህን ስነግረው «እሱ ሌላ ነው» አለኝ። ሌላ መሆኑንማ አውቃለሁ። የነሱ ተከራካሪ የባቡሩን ዋጋ በእንቁላል አያሰላም፤ ወደ ኋላ የቀሩ ናቸው።

«ገንዘብ የለንም» ባዩም ተከታይ እንዳለው አይካድ። ታኅሣሥ 2016 አገሪቱ የአንድ ቢሊዮን ዶላሩን ዩሮቦንድ (በውጭ ገበያ የሸጠችውን የዕዳ ሰነድ) የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ በጊዜው ሳትከፍል ስትቀር፣ የኛ ሰው ደስ ያለው መሰለኝ። «አላልኳችሁም?» እያለ ሦስት ካፌ ዞረ። እውነት አለው፤ ካዝናው ሳስቶ ነበር። ግን አንድ ነገር ይገርመኛል። ገንዘብ የለም የሚባለው ባቡር ሲነሳ ነው፤ ለደሃው መጓጓዣ ሲነሳ ነው። ስለ ፏፏቴና ስለ መብራት ማስዋቢያ ሲወራ ይኸው ሰው ኪሱን ረስቶት ይወጣል፤ «ከተማችን እንዴት አማረች» ይላል። አምራለች። ደክሞኝ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስቆም ፏፏቴው ጥሩ ይታያል፣ እንዴት አይታይም።

ገንዘብ ማለቁም አዲስ ነገር አይደለም። የድሮው የጅቡቲ ባቡር ራሱ ድሬዳዋ ሲደርስ ኩባንያው ኪሱ ተራቁቶ ለዓመታት እዚያው ገትሮት ነበር። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። የዛሬዎቹ ተከራካሪዎች ያኔ ቢኖሩ ኖሮ እስካሁን ድሬዳዋ ቁጭ ብለን ጫት እየቃምን እንመነዝር ነበር። ምናልባት ደስተኞች እንሆን ነበር፤ ድሬ ሰው አያስከፋም።

የኔን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ (ማንም አልጠየቀኝም) መጀመሪያ የቆሙትን አንቀሳቅሱ እላለሁ። ለመለዋወጫው በየዓመቱ የማይነካ በጀት ይኑር። ቲኬቱ ካልበቃ ድጎማው ስንት እንደሆነ በግልጽ ይነገረን። ከዚያ ወዲያ ስለ ኮዬ ፈጬ እናውራ፤ እኔም እስክሪብቶ ይዤ እመጣለሁ። ይህን ቡና ቤት ውስጥ ተናግሬ ማንም አልሰማኝም። አሰልቺ ነው። ከሦስት ቢሊዮን እንቁላል ጋር ብሎን ምን ያህል ይወዳደራል?

ስለዚህ ለተከራካሪዎቻችን የክብር ግብዣ አዘጋጅቻለሁ። ቀጣዩ ዙር ክርክር ባቡሩ ውስጥ ይሁን። ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል፣ መነሻ አያት። ቲኬት የኔ። መንዛሪው እንቁላሉን ቤቱ ያስቀምጥ፣ የሰው ልብስ እንዳይበላሽ። ካርታ ሠሪው እስክሪብቶውን ኪሱ ይክተት፤ እጁን የሚዘረጋበት ቦታ አይኖርም። አዋጭነት ባዩ ቦርሳውን ከፊት ይያዝ፣ ኪሱንም ይጠብቅ። የመክፈቻ ንግግር ያለበት መሪ ሳንደርስ ይጨርስ፤ ከሲኤምሲ በኋላ ለመናገር ቀርቶ ለመተንፈስም ተራ ይጠበቃል። ሹፌሮቻቸው መገናኛ ላይ ይጠብቋቸው፤ መውረድ ከቻሉ።