ማስተካከያ፦ ስለ ስፓይደርማን 2 የጻፍኩት

ባለፈው ስፓይደርማን 2 የሚባለው ጌም በፕሌይስቴሽን 4 ይሠራል፣ ግን ታሪኩ አጭር ነው፣ ድብድቡም ይደጋገማል ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ደሴ ፒያሳ፣ አንድ ጌም ቤት ውስጥ የተጫወትኩት ለካ በ2020 የወጣው ሌላው የስፓይደርማን ጌም፣ ማይልስ ሞራሌስ ኖሯል፤ ጥቁሩን ልብስ ሳይ 2 ቁጥሩ መሰለኝ። ስፓይደርማን 2 ግን በኦክቶበር 2023 የወጣው ለፕሌይስቴሽን 5 ብቻ ነው፣ ኮምፒውተር ላይ የገባው ደግሞ በጃንዋሪ 2025። እኔን አምናችሁ ከኮምቦልቻ ድረስ ዲስክ ፍለጋ የመጣችሁ ካላችሁ፣ አፉ በሉኝ።

አሁን እውነተኛውን የአክስቴ ልጅ ጋ ሞከርኩት። የጌሙ ከተማ ኒው ዮርክ ነው፤ አሁን ማንሃታን ብቻ አይደለም፣ ኩዊንስና ብሩክሊን ተጨምረዋል፤ ከብብት ሥር የሚዘረጋ ክንፍ አለ፣ በሱ ወንዙን እየተንሳፈፍክ ስትሻገር አጠገብህ ያለው ቡና ተረስቶ ይቀዘቅዛል። ሁለቱን ስፓይደርማኖች፣ ፒተርንም ማይልስንም እየቀያየርክ ትጫወታለህ። ድብድቡ ግን አሁንም ይደጋገምብኛል፣ እሷን ቃሌን አልመልስም።