ፈተናው ሳይሰጥ ውጤት ለሚለጥፉ ሊቃውንት

ድራፍት ስል ጃምቦ ትዝ ያለው አንባቢ ካለ አልፈርድበትም። እኔም አሜሪካ እንደመጣሁ «ዛሬ ማታ ድራፍት አለ» ሲሉኝ ጃኬቴን አንስቼ ተከትያቸዋለሁ። የወሰዱኝ ቴሌቪዥን ፊት ነው። ሱፍ የለበሰ ሰውዬ መድረክ ላይ ወጥቶ የአንድ ጎረምሳ ስም ጠራ። ሰው አጨበጨበ። ትንሽ ቆየና ሌላ ስም ጠራ። ጃምቦ የሚባል ነገር አልመጣም።

ነገሩ የቤዝቦል ድራፍት ነው። የአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ፣ የሜጀር ሊግ፣ 30 ቡድኖች ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና ከኮሌጅ አማተር ተጫዋቾችን በየተራ ይመርጣሉ። ከ1965 ጀምሮ ያለ ሥርዓት ነው። አሁን 20 ዙር አለው፤ በ2025 በሁለት ቀን ከ600 በላይ ልጅ ተጠርቷል። አብዛኞቹ ሜጀር ሊግን በቴሌቪዥን ካልሆነ አያዩትም። የሚደርሱትም ቢሆኑ ብዙውን ጊዜ ዓመታት ፈጅቶባቸው፣ በትንንሽ ከተሞች በአውቶቡስ ተንከራትተው ነው።

ይሄ እንግዲህ ለእኔና ለእናንተ ነው። ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ግን በማግስቱ ጠዋት ለየቡድኑ ምርጫ ውጤት ለሚለጥፉት የስፖርት ሊቃውንት ምስጋና ለማቅረብ ነው። እገሌ ቡድን ኤ። እገሌ ቡድን ቢ ፕላስ። ያኛው ሲ ማይነስ፤ ቢያፍር ይሻለዋል።

እኔ በተማርኩበት ዘመን ተማሪው ይማራል፣ ይፈተናል፣ መምህሩ ያርማል፣ ከዚያ ውጤት ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። አሰልቺ ነገር ነበር። እነዚህ ብሩካን መማሩንም መፈተኑንም ማረሙንም ዘለውት በቀጥታ መለጠፉ ላይ ደርሰዋል። ልጁ ገና ሻንጣውን አላዘጋጀም። ውልም አልፈረመም። ውጤቱ ግን ወጥቷል።

እኔን የምትገርመኝ ማይነሷ ናት። ኤ መስጠት የማንም ድፍረት ነው። ኤ ማይነስ ግን ሚዛን ይጠይቃል። ልጁ የዛሬ ስድስት ዓመት የሚደርስበትን አይቶ፣ መዝኖ፣ ከዚያ ላይ ለጥንቃቄ ያህል እፍኝ የምታህል መቀነስ። የእኛ አገር ሞራ ገላጭ እንኳ ከብቱ እስኪታረድ ይታገሥ ነበር።

ደግሞ ከሩቅ የሰማሁትን አይደለም የማወራው። ጁላይ 13 ቀን 2025፣ እሁድ ማታ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከምናዘወትራት ቡና ቤት ተቀምጠናል። የአካባቢያችን ቡድን የዋሽንግተን ናሽናልስ የአንደኛ ምርጫ ዕድል ደርሶታል። ቤቱ ግን ተሸብሯል። በ2019 ዋንጫውን ያመጡት ጄኔራል ማናጀሩ ማይክ ሪዞና አሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ከሳምንት በፊት ተባረዋል። መራጩ ተጠባባቂ ነው፤ ወንበሩ ገና አልሞቀለትም።

ስሙ ተጠራ፤ ኢላይ ዊሊትስ። የኦክላሆማ ልጅ፣ ሾርትስቶፕ (በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚጠብቅ)፣ 17 ዓመቱ። አባቱ ሬጂም ለኤንጀልስ ቡድን የተጫወተ ነው።

ጋሼ የምንለው ታላቃችን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የአርሰናልን የተጫዋች ግዢ ሲተነትን ነው ያመሸው። «ማን አሉ?» አለ። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ስልኩን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። አንዲት አጭር ቪዲዮ አየ። ደግሞ አየ። ከዚያ ብድግ አለና ከበሩ ኋላ መጥረጊያውን አነሳ። በቀኝ ቆመና ሰነዘረ። ዞረና በግራ ሰነዘረ፤ ልጁ በሁለቱም በኩል ይመታላ።

«እጁ ፈጣን ነው» አለ። «ጉልበቱ ግን ገና ነው።»

ቡና የምታፈላው ልጅ ከረከቦቱ ቀና ብላ «ጋሼ፣ ሊጠርጉልኝ ነው? እግዜር ይስጥልኝ» አለችው።

«ቢ ፕላስ» አለ ጋሼ መጥረጊያውን እንደተደገፈ። «ሆሊዴይን ቢወስዱ ኤ ነበር።»

ኢታን ሆሊዴይን ኮሎራዶ ሮኪስ በ4ኛው ምርጫ ወስዶታል። እሱም የኦክላሆማ ልጅ ነው፤ እሱም የቀድሞ ተጫዋች የማት ሆሊዴይ ልጅ። ጋሼ ይህን ስም ያወቀው መቼ እንደሆነ ልንገራችሁ? መጥረጊያውን ከማንሳቱ አንድ ደቂቃ ቀደም ብሎ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሰውን አውቆ፣ ወድዶ፣ በማጣቱ አዝኖ መጨረስ የቻለ ሰው አይደነቅም ትላላችሁ?

ገንዘቡ ሲመጣ ደግሞ ሊቅነቱ ይብሳል። ሊጉ በመጀመሪያዎቹ 10 ዙሮች ለእያንዳንዱ ምርጫ የፊርማ ገንዘብ ልክ ያወጣል። የቡድኑ ምርጫዎች ልክ ተደምሮ የዓመቱ ቋት ይሆናል። ቋቱን ከ5 በመቶ በላይ የጣሰ ወደፊት የመጀመሪያ ዙር ምርጫውን ያጣል። ለአንደኛው ምርጫ የወጣው ልክ 11,075,900 ዶላር ነበር። ዊሊትስ በ8.2 ሚሊዮን ፈረመ። የተረፈው ከኮሌጅ አልቀርም የሚሉ ሌሎች ልጆችን ለማባበል ይውላል። እንግዲህ አራሚው ቡድኑን ከወደደው «ብልሆች፣ ቆጠቡ» ይላል። ካልወደደው «ቆንቋኖች፣ ርካሽ ገዙ» ይላል። ቁጥሩ ያው ነው። ከአንድ ወተት ቅቤም መርዝም ማውጣት የሚያውቅ እጅ ነው።

እነዚህን ሰዎች ከማድነቄ የተነሳ አንዳንዴ በእውነተኞቹ መልማዮች አዝናለሁ። መልማይ ማለት እዚያ ማዶ ያለው፣ በመጋቢት ብርድ የብረት ደረጃ ላይ ተቀምጦ፣ የኳስ ፍጥነት መለኪያውን ደግኖ፣ አንድን ልጅ ለማየት ሦስት ሰዓት የነዳ ሰውዬ ነው። የልጁን ኳስ አመታት፣ ጉልበት፣ ሩጫ፣ ክንድ፣ አያያዝ ከ20 እስከ 80 በሆነ ቁጥር ይጽፋል። ከ0 እስከ 100 ለምን እንዳልሆነ አትጠይቁኝ። 50 መካከለኛ ነው። አሰልጣኙን ያነጋግራል፣ እናቱን ያነጋግራል፣ በአሉሚኒየም ዱላ የሚመታው ልጅ በእንጨት ዱላ ምን ይሆናል ብሎ ሌሊት ይገላበጣል። ይህን ሁሉ ደክሞም ይስታል። ምስኪን፤ ቡና ቤታችን ቢመጣ በአንድ ደቂቃ ይገላገል ነበር።

ምን ያህል እንደሚስት ለማየት 2009ን ማየት ነው። የኒው ጀርሲው ማይክ ትራውት፣ የ17 ዓመት ልጅ፣ ድራፍቱ የሚካሄድበት ሴኮከስ ያለው የቴሌቪዥን ስቱዲዮ ድረስ መጥቶ ተቀምጧል። ከተጫዋቾቹ የመጣው እሱ ብቻ ነው። ስም ይጠራል፤ የእሱ አይደለም። እንደገና ይጠራል፤ የእሱ አይደለም። እንዲህ ሲባል 24 ስም አለፈ። በ25ኛው ኤንጀልስ ጠራው። ጠራው ስል ደግሞ ኤንጀልስ ራሱ በ24ኛው ሌላ ልጅ፣ ራንዳል ግሪቸክን፣ አስቀድሞ ነው። ያ 25ኛ ምርጫ መጀመሪያ የያንኪስ ነበር፤ ማርክ ቴሼራን ከኤንጀልስ ሲወስዱ በካሳ መልክ የሰጡት ነው። ትራውት በኋላ ሦስት ጊዜ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ።

የእኛው ናሽናልስ ያን ዓመት ሁለት ጊዜ ተራ ደርሶት ነበር፣ በ1ኛና በ10ኛ። በ10ኛው ድሩ ስቶረንን ወሰደ። በ1ኛው ኳስ ወርዋሪውን ስቲቨን ስትራስበርግን። የስትራስበርግን ነገር እንኳ ቢሆን ማንም ሰው ኤ ይሰጠዋል። እስቲ እንስጠው። በጁን 2010 መጀመሪያ ጨዋታው ላይ 14 የፒትስበርግ መቺዎችን ኳሱን ሳያስመታ፣ በስትራይክ አውት፣ ሸኘ። ኤ ፕላስ። በዚያው ክረምት ክርኑ ተጎድቶ ቀዶ ጥገና ገባ። ሲ። በ2019 ቡድኑ የዋንጫውን ፍጻሜ፣ ወርልድ ሲሪስን፣ ሲያሸንፍ የውድድሩ ኮከብ እሱ ሆነ። ኤ ፕላስ፣ ሰማይ ጠቀስ። በዚያው ዓመት መጨረሻ 245 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሰውነቱ እምቢ ብሎት 8 ጨዋታ ብቻ ጀምሮ ጡረታ ወጣ። አሁንስ? እኔ ብጠየቅ ባንዲራው ተሰቅሏልና ኤ ነው እላለሁ። እኔ ግን 15 ዓመት ጠብቄ ነው ያልኩት። ይህን ያህል መጠበቅ የእውቀት ማነስ መሆኑን አላጣሁትም።

ታች ያሉትን ዙሮች ሊቃውንቱ ብዙም አይነኳቸውም። ትክክል ናቸው። አልበርት ፑሆልስ በ1999 ሲጠራ 402ኛ ነበር፤ ከዚያ 703 ሆም ረን (ኳሱን ከአጥር የሚያሻግር ምት) መታ። ማይክ ፒያዛ ደግሞ ይብሳል። በ1988 በ62ኛው ዙር፣ 1,390ኛ ሆኖ ዶጀርስ መረጠው። የተመረጠውም አሰልጣኙ ቶሚ ላሶርዳ የአባቱ ወዳጅ ስለሆነ ነው። አዎ፣ በዘመድ! ቀበሌ ውስጥ የምናውቀው ያ ነገር። ልጁ ከካቸሮች (ከመቺው ኋላ ሆነው ኳስ ከሚቀልቡት) ሁሉ የበለጠ ሆም ረን መትቶ በ2016 የታላላቆቹ መዘክር፣ ሆል ኦፍ ፌም፣ ገባ። በዘመድ የተቀጠረ ሰው እንዲህ ሲሠራ እኔ ከዚህ ሌላ አላጋጠመኝም።

ከአራሚዎቹ ጎን ለጎን ሌላ ምስጋና የሚገባው ማኅበር አለ። ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኸው። «ትራውትን እንዴት ያልፉታል! ዓይን የላቸውም?» የሚለው። በ1966 ሜትስ ሬጂ ጃክሰንን ትተው ስቲቭ ቺልኮትን አንደኛ በመምረጣቸው እስከ ዛሬ የሚያለቅስ አለ። ቺልኮት ተጎዳና ሜጀር ሊግ ሳይደርስ ቀረ። ጃክሰን 563 ሆም ረን መታ። የሚያለቅሰው ሰውዬ ያኔ አልተወለደም፤ ቢወለድ ግን አይስትም ነበር።

ብቻ ፈረንጅን ብቻ ማድነቅም ልክ አይደለም። እኛም የድራፍት አራሚ ዘር ነን። ክርስትና ቤት ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ሕፃኑ 40 ቀኑ ነው። አንዷ አክስት ጣቱን ዘርግታ ታያለች። «ይሄማ ሐኪም ነው! ጣቱን እዩት!» ሌላዋ ለቅሶውን ሰምታ ጠበቃ ታደርገዋለች። እኔን ፓይለት ይሆናል ብለውኝ ነበር። ይኸው ዛሬ ሰው ከነሻንጣው ዱለስ ኤርፖርት አደርሳለሁ። አክስቴን ቢ ማይነስ ብንሰጣት አይበዛባትም።

ጋሼን በሳምንቱ አገኘሁት። ዊሊትስን ወደ ኤ ማይነስ ከፍ አድርጎታል። «ምን አዲስ ነገር ተገኘ?» ብዬ ጠየቅሁት። ልጁ እስከዚያ ድረስ ለቡድኑ አንድ ኳስ አልመታም።

«አሰብኩበት» አለኝ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚቀጥለውን ዓመት ድራፍት ጨርሻለሁ አለኝ። ናሽናልስ ቢ ፕላስ ነው።

«ማንን ነው የሚመርጡት?»

«እሱ ገና አልታወቀም» አለኝና ሁለተኛውን ሲኒ ተቀበለ።